የሰው እጅ ሳይነካው

«ጠፋ! ኧረ ጠፋብኝ!»

ኤልያቄም የፊዚክስ ደብተሩን ደረቱ ላይ አድርጎ አልጋው ላይ እንደተጋደመ የእህቱን ጩኸት ሰማ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘሎ ይወጣ ነበር። አሁን ግን አልተነሳም። ምን እንደጠፋ ያውቃል። ለምን እንደጠፋም ያውቃል። ችግሩ፣ እቤት ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

እንደምንም ተነስቶ ሳሎን ሲደርስ ቤተልሄም ላፕቶፑ ፊት ቆማ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭናለች። የአርክቴክቸር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ዓርብ ጠዋት የመመረቂያ ሥራዋን መምህራን ፊት ታቀርባለች። የነደፈችው የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ ከነዛፉ፣ ከነጥላው፣ ፎቶ መስሎ እንዲወጣ ደግሞ ኮምፒውተሩ ለሰዓታት ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። አጎታቸው ከዱባይ ሲመጣ የጌም ላፕቶፕ ያመጣላት ለዚሁ ነው። «ለጌም ሳይሆን ለሥራ ነው» እያለች ለዘመድ አዝማድ ስታስረዳ ሁለት ዓመት ሆናት፤ ከቁልፎቹ ሥር ቀይ መብራት ስለሚበራ የሚያምናት አልተገኘም።

«ሥዕሉ ሰማንያ ሰባት በመቶ ደርሶ ነበር እኮ! ሰማንያ ሰባት!» አለች። «ቻርጅ ላይ ተሰክቶ እያለ ባትሪ እንዴት ያልቃል? እስቲ ንገሩኝ፣ እንዴት?»

እናታቸው ገበያነሽ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። «መብራት ሄዶ ነው?»

«መብራትማ ይኸው አለ እማ! አምፖሉ በርቶ የለ!»

ቤቲ ማስነሻውን ተጫነችው። ምንም። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥራ ይዛ ለቀቀችው። ምንም። ነቅላ ሰካችው። ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ሦስት ጊዜ ብልጭ ብላ ጠፋች፤ ደግማ ብልጭ ብላ ጠፋች።

ኤልያቄም በሩ ላይ ቆሞ የሚያየው የሶፋውን ጀርባ ነበር። አዳፕተሩ፣ ያ ጡብ የሚያህለው የቻርጀሩ ጥቁር ሣጥን፣ ሁልጊዜ እዚያ ዲቫይደሩ አጠገብ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። ከባድ ነው፣ ይግላል፣ ጠረጴዛ ላይ ቦታ ይይዛል። ቤቲ የምታውቀው የገመዱን ጫፍ ብቻ ነው፤ ትሰካለች፣ ትነቅላለች። ሣጥኑን ገልብጦ ከሥሩ የተጻፈውን ያነበበ ሰው የለም። ቢያነብማ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ዋት ማለት ሲገባው መቶ ሃያ ዋት ይል ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ቅዳሜ ነው። የክፍል ጓደኛው ሮበሌ የዚሁ ዓይነት ላፕቶፕ አሮጌውን ገዝቷል፤ ሻጩ ግን ደካማ ቻርጀር ነበር የሰጠው። ጌም ሲከፈትበት ይጎተትና ድርግም ይላል። ቅዳሜ ደግሞ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ውድድር ነበረው።

«አንድ ቀን ብቻ ጀለስ!» ብሎ ለመነው። «የእህትህን አውሰኝ፣ የኔን በቦታው አድርግላት። ፒኑ አንድ ነው። እሷ ቤት ነው የምትሥለው፣ ጦርነት አትዋጋም፤ ምን ኃይል ይበላል ብለህ ነው?»

ፒኑ ገባ። መብራቱም በራ። ኤልያቄም ከገባማ ይሠራል አለ። እሁድና ሰኞ ቤቲ ጽሑፍ ብቻ ስትጽፍ ስለነበር በእርግጥም ሠራ። «አንድ ቀን» ያለው ሮበሌ ሰኞ ሲጠየቅ «ነገ» አለ፤ ማክሰኞ ሲጠየቅ «የአጎቴ ልጅ ኮርሳ ወስዶታል፣ ነገ» አለ። ማክሰኞ ማታ ቤቲ ሥዕሉን ማውጣት ጀመረች። ያኔ ነው ኤልያቄም በስልኩ ፈልጎ ያነበበው፦ ቻርጀሩ ኃይል ሲያንሰው ላፕቶፑ የጎደለውን ከባትሪው እየወሰደ ይሠራል፤ ባትሪው ሲሟጠጥ ይጠፋል፤ ባዶ ከሆነ በኋላ ደካማው ቻርጀር ብቻውን ላያስነሳው ይችላል። አንብቦ ሳይጨርስ ነው ቤቲ የጮኸችው።

«ቤቲ…» አለ፣ ሊነግራት።

«ኤልያ፣ አሁን እንዳታናግረኝ!» ዞር አለችበት። ዓይኗ በእንባ ሞልቷል። «ይህን ላፕቶፕ የነካ ሰው ካለ፣ ወንድሜ አልለውም!»

ሳይነግራት ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ነገ ቻርጀሩን ተቀብሎ በቦታው ይመልሰዋል፤ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። እንዲህ ብሎ ራሱን አጽናና። እንቅልፍ ግን አልወሰደውም።

ረቡዕ ሮበሌ ትምህርት ቤት አልመጣም። ስልኩም ዝግ ነው። ከሰዓት በኋላ ቤቲ ላፕቶፑን በቦርሳ አሸክማው እዚያው መካኒሳ መንገድ ዳር ወዳለው ጠጋኝ ወደ ከበበው ሱቅ ወሰደችው። ሱቁ ጨለማ ነበር። የዚያን መስመር መብራት ጠዋት እንደሄደ አልተመለሰም። ከበበው የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ የላፕቶፑን ሆድ ፈታና አፍንጫውን አስጠጋ።

«የተቃጠለ ነገር አይሸትም» አለ። «ባትሪውም አላበጠም፤ እሱ ደግ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ወይ ባትሪው ሞቷል፣ ወይ ማዘርቦርዱ ነው፣ ወይ ቻርጀሩ ነው። መብራት ቢኖር አሁኑኑ እለካልሽ ነበር።»

«ቻርጀሩ ደህና ነው» አለች ቤቲ። «ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የመጣው ነው፣ ተቀይሮ አያውቅም።»

ኤልያቄም ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የስልክ ሽፋኖች መቁጠር ጀመረ። ጆሮው ድረስ ጋለ።

«የኔ እህት፣ እኔ ጋ ‹ሞተ› ተብለው ከሚመጡት ግማሾቹ የቻርጀር ጣጣ ናቸው» አለ ከበበው። «መብራቱ ነገ ማታ ይመጣል ተብሏል፤ ከመዝጋቴ በፊት ቻርጀሩን ይዘሽ ነይ። ሣጥኑን ካየሁ በአንድ ደቂቃ እነግርሻለሁ። ማዘርቦርድ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳምንትም አይበቃኝ።»

«ዓርብ እኮ ነው የማቀርበው» አለች ቤቲ። ከበበው ራሱን ነቅንቆ ብሎኖቹን መልሶ ማሰር ያዘ።

መንገዱን ሁሉ ቤቲ ፊቷን በነጠላ ሸፍና አለቀሰች። ኤልያቄም ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ከኋላዋ ተከተላት። አምስት ዓመት የለፋችበት ነገር በእሱ ቦርሳ ውስጥ ነው። «በአንድ ደቂቃ እነግርሻለሁ» የሚለው የከበበው ድምፅ ከጆሮው አልጠፋ አለ። ነገ ማታ ሣጥኑ ይገለበጣል፣ መቶ ሃያ የሚለው ይነበባል፣ ከዚያ ሁሉም ዞሮ እሱን ያያል።

ሐሙስም ሮበሌ አልመጣም። ኤልያቄም የመጨረሻው ደወል ሲደወል ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሮጠ፤ የሀና ማርያም ታክሲ ላይ ተንጠላጠለ። የእነ ሮበሌ ግቢ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። በአንድ በኩል የሚከራዩ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ በሌላው በኩል አራት ላሞች ታስረዋል። የሮበሌ አባት ጋሽ ሁንዴሳ ላሞቹን ውሃ እያጠጡ ነበር።

«ጓደኛህ አሞታል» አሉት። «ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረደም። ግባ፣ አይተኸው ውጣ።»

አልጋ ላይ መሆኑስ እውነት ነው። ሮበሌ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ማዳመጫ አድርጎ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይተኩሳል። የእህቱ ቻርጀር አልጋው እግር ሥር ተሰክቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«ኮርሳ ወስዶታል አላልከኝም?»

ሮበሌ ደነገጠ፤ ማዳመጫውን አወለቀ። «አቦ ኤልያ! ዛሬ ማታ ላመጣልህ ነበር፣ ሙት!»

«ውሸታም ነህ!»

«ምን ታካብዳለህ? አንድ ቻርጀር እኮ ነው።»

«እህቴ ነገ ነው የምታቀርበው! ላፕቶፑ ሞቷል፣ እቤት ሁሉም ሰው እያለቀሰ ነው፤ አንተ እዚህ ትተኩሳለህ!» ኤልያቄም ተንበርክኮ ቻርጀሩን ነቀለው።

«ኧረ ሴቭ ላድርግ! አንድ ደቂቃ!»

አንድ ደቂቃ አልሰጠውም። ሲወጣ ጋሽ ሁንዴሳ «ተሻለው?» ብለው ጠየቁት። «ተሽሎታል፣ ነገ ይመጣል» አላቸውና ወደ ታክሲው ሮጠ። ቦርሳው ውስጥ አዳፕተሩ ጀርባውን እየመታው ነበር፤ ግን በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለል አለው።

እቤቱ ደጃፍ ሲደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። የማያውቃቸው ጫማዎች በሩ ላይ ተደርድረዋል። ከውስጥ የጸሎት ድምፅ ይሰማል።

በሩን ቀስ ብሎ ገፋ። ላፕቶፑ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ተቀምጧል። ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። እናቱ፣ የሴቶች ጸሎት መሪዋ እህት ዘነቡ እና የአጥቢያው ሽማግሌ ጋሽ አባይነህ ዙሪያውን ቆመው እጃቸውን ጭነውበታል። ቤቲ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ፊቷን ሶፋው ላይ ቀብራለች። የሁሉም ዓይን ጭፍን ብሏል።

«ጌታ ሆይ፣ ይህች ልጅ አባት የላትም፣ አባቷ አንተ ነህ!» ትላለች እህት ዘነቡ። «ይህ ዕቃ በኢየሱስ ስም ይነሳ! ይነሳ!»

«ይነሳ! አሜን!» ይላል ጋሽ አባይነህ።

ኤልያቄም መጠበቅ ይችል ነበር። ጸሎቱ እስኪያልቅ፣ እንግዶቹ ሻይ እስኪጠጡ ድረስ። ግን ጸሎቱ ሲያልቅ ቤቲ ቻርጀሩን ነቅላ ወደ ከበበው ልትሮጥ ነው፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ያለው ጊዜ ይኸው ነው። በአራት እግሩ ወደ ሶፋው ጀርባ ዳኸ። የሮበሌን ቻርጀር ከዲቫይደሩ ነቅሎ የእህቱን ሰካ። ይኼ ቀላሉ ነበር። አሁን ደግሞ የላፕቶፑን ጫፍ መቀየር አለበት፤ እዚያ ስድስት እጅ ተደርድሯል።

በእናቱና በእህት ዘነቡ መሃል ክንዱን አሾለከ። የሮበሌን ፒን ሳብ አደረገ። ብልጭ ድርግም የምትለው መብራት ጠፋች። እናቱ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ያየችው መስሎት ክንዱን ሳይስብ ቆመ። አላየችም። እንባዋ ከተጨፈኑት ዓይኖቿ ሥር ይወርዳል። የቤቲን ፒን ሲያስገባ ጣቱ የእህት ዘነቡን እጅ ጀርባ ነካ።

«ኢየሱስ!» ብላ ጮኸች።

ኤልያቄም ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ የሮበሌን ቻርጀር ቦርሳው ውስጥ ወተፈና በሩ አጠገብ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። ምናልባት በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ አጥብቆ ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም።

«አሜን!» አለ ጋሽ አባይነህ በመጨረሻ።

ከዚያ የእናቱ ድምፅ፣ በጣም ቀስ ብሎ፦ «ቤቲ፣ ይህቺ መብራት ነጭ ነበረች እንዴ?»

ቤቲ ብድግ አለች። መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ትታለች፤ ነጭ ሆና ቀጥ ብላ በርታለች። ማስነሻውን ነካችው። ማራገቢያው እፍፍ አለ። ከቁልፎቹ ሥር ቀዩ መብራት ቦግ አለ።

እህት ዘነቡ እልልታዋን ለቀቀችው። «እጄን ዳሰሰኝ!» እያለች እጇን ለጋሽ አባይነህ ታሳየዋለች። «ወንድም አባይነህ፣ እዚህች ጋ! አንድ ነገር እጄን ዳሰሰኝ!» ቤቲ ላፕቶፑን አቅፋ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

ገበያነሽ ግን እልል አላለችም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ኤልያቄም ደንግጦ አጠገቧ ተንበረከከ።

«እማ? ምን ሆንሽ?»

«ሰማኝ» አለች። «ልጄ፣ ሰማኝ እኮ።»

ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ሳሎን፣ እነዚሁ ሰዎች እጃቸውን አባቱ ላይ ጭነው ነበር። ቦጋለ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ኩላሊቱን ታመመ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጾመው ጸለዩ፤ በአራተኛው ሳምንት ቀበሩት። ገበያነሽ ከዚያ በኋላም ቤተ ክርስቲያን መሄድ አላቋረጠችም፤ ትዘምራለች፣ ትጸልያለች። ብቻ «ምስክርነት ያለው!» ሲባል ቀስ ብላ ትወጣና ግቢ ውስጥ ከሕፃናቱ ጋር ትቆማለች። ማንም ለምን ብሏት አያውቅም። ኤልያቄም ግን ሁልጊዜ ያያታል።

ዓርብ ቤቲ ሥራዋን አቀረበች። «በጣም ጥሩ» ተባለላት፤ ኬክ ይዛ ገባች። እናቱ ሆሳዕና ካሉት እህቶቿ ጀምሮ ስልክ ያለው ዘመድ ሁሉ ጋ ደወለች። እህት ዘነቡ ከወር በፊት ሥራ ያቆመ ፍሪጇን ለማክሰኞ ጸሎት አስመዘገበች። ኤልያቄም ኬኩን በልቶ መጨረስ አቃተው። ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እሱን ብቻ የሚያስፈራው ለምንድነው?

ቅዳሜ ጠዋት ለሮበሌ ነገረው፤ ለሌላ ለማን ይነግራል? ሮበሌ ከሳቁ የተነሳ አግዳሚ ወንበሩን ያዘ።

«መልአክ ሆንክ በለኛ!»

«አትሳቅ። እናቴ እሁድ ልትመሰክር ነው። ያ ሁሉ ሰው ፊት።»

«ታዲያ ትመስክራ! እህትህ አለፈች፣ እናትህ ደስ አላት። ምን አገባህ? ዝም በላ፣ ማንም አያውቅም።» ከዚያ መሳቁን ተወና የራሱን ቻርጀር ተቀበለው። «እኔ ትንፍሽ አልልም፣ ሙት።»

ትንፍሽ እንደማይል ኤልያቄም ያምናል። ያስጨነቀው እሱ አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቱ ጠራችው። የሳሎኑን ጠረጴዛ ጠርጋ ነጭ ወረቀትና እስክሪፕቶ አዘጋጅታለች። ለነገ የምትለብሰው ሰማያዊ ቀሚስ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። አባቱ የገዛላት ነው። ከቀብሩ ወዲህ ኤልያቄም አይቶት አያውቅም።

«ና ተቀመጥ። ያንተ ጽሕፈት ያምራል» አለችው። በእነሱ አጥቢያ ምስክርነት በጽሑፍ ነው የሚቀርበው። አንድ ወንድም ስለጠፋች በግ አርባ ደቂቃ ከመሰከረ ወዲህ ጋሽ አባይነህ ሕግ አወጣ፤ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፣ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለእሱ ይሰጣል። ገበያነሽ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ታነባለች፣ መጻፍ ግን ታፍራለች።

«ጻፍ። ጌታ ይባረክ። ስሜ ገበያነሽ ይባላል።»

ጻፈ።

«ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤቴ ቦጋለ ታሞ ጸለይኩ። አልዳነም።» የቀሚሱን እጅጌ በጣቷ አስተካከለች። «ከዚያ ወዲህ እዚህ ወጥቼ አላውቅም። ጌታ እኔን የማይሰማኝ መስሎኝ ነበር። ጻፍክ?»

«ጻፍኩ።» ፊደሎቹ መስመር መሳት ጀምረዋል።

«አሁን የልጄ ኮምፒውተር ሞተ። ባለሙያ አየውና አቃተው።»

«ከበበው አቃተኝ አላለም እማ። ቻርጀሩን አምጡ ነው ያለው።»

«እሱን ተወው፣ ይረዝማል። ግማሽ ገጽ ነው የተባለው።» ፈገግ አለች። ይህን ፈገግታ ከአባቱ ጋር የተቀበረ መስሎት ነበር። «ጸለይን። እህት ዘነቡን አንድ ነገር እጇን ዳሰሳት። ባትሪው አልተቀየረም። ቻርጀሩ አልተቀየረም። የሰው እጅ ሳይነካው…»

ኤልያቄም «የሰው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«እጅ ሳይነካው» አለች እናቱ። «ምነው፣ ቀለሙ አለቀ?»

አላለቀም። ወረቀቱን አየ። ሁለት ቃል ብቻ ነው የቀረው። ጽፎ ቢጨርስ እናቱ ነገ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ በሰው ሁሉ ፊት ታነበዋለች። ሰው እልል ይላል። እሷም ከእንግዲህ ከሕፃናቱ ጋር ግቢ ውስጥ አትቆምም። ካልጻፈው ይህ ፊት ይጠፋል፤ ምናልባት ለሁልጊዜው ይጠፋል። የሚያጠፋውም እሱ ነው። ፈራ። ከከበበው ሱቅ ይልቅ፣ ከቤቲ ቁጣ ይልቅ ይህን ፈራ። አንዴ ደግሞ ማክሰኞ ስለሚጸለይለት ፍሪጅ አሰበ፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ሰው ሊታመም እንደሚችልና እናቱ እጇን ስትጭን ምን ብላ እንደምትጠብቅ።

«እማ» አለ። «የሰው እጅ ነክቶታል።»

«የማን?»

እስክሪፕቶውን አስቀመጠ። «የኔ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ስለ ሮበሌ፣ ስለ ቅዳሜው ልውውጥ፣ ስለ መቶ ሃያውና ስለ ሁለት መቶ ሠላሳው፣ በአራት እግሩ ስለመዳኹ። «እህት ዘነቡን የዳሰሳት የኔ ጣት ነው» አላት። «ልነግርሽ ነበር። ‹ሰማኝ› ስትዪ ግን አቃተኝ።»

ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲሄድ አየ፤ የፈራው ነገር ዓይኑ እያየ ደረሰ።

«ስንጸልይ አንተ ዓይንህን ገልጠህ ነበር?» አለች።

«አዎ።»

«ሁሉንም ታይ ነበር? ሳለቅስም?»

«አዎ እማ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ወረቀቱን ከፊቱ ሳበችው። ልትቀደው ነው ብሎ ተዘጋጀ። እሷ ግን ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። «ታሞ ጸለይኩ። አልዳነም» የሚለው ላይ ጣቷ ቆመ። «የማይሰማኝ መስሎኝ ነበር» የሚለው ላይም ቆመ።

«ይኼስ እውነት ነው» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ወረቀቱን መለሰችለት። «ከዚህ በታች ያለውን ሰርዘው።»

ኤልያቄም ሰረዘው። ኮምፒውተሩን፣ ባለሙያውን፣ የእህት ዘነቡን እጅ፣ ብቻዋን የቀረችውን «የሰው» የምትለዋን ቃል ሳይቀር። ሦስት መስመር ብቻ ቀረ።

«አሁን ምን ልጻፍ?»

«እኔ እንጃ ልጄ።» የተተኮሰውን ቀሚስ አየችው፤ ግን ተነስታ ወደ ሣጥኑ አልመለሰችውም። «አንተ ተነስ። እህትህ አላወቀችም አይደል?»

«አላወቀችም።»

«እንግዲያው ሂድ።»

ተነሳ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ አያት። እናቱ እስክሪፕቶውን አንስታ፣ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ከሦስቱ መስመሮች ሥር አንድ በአንድ ፊደል መልቀም ጀምራለች። ምን እንደምትጽፍ ከዚያ አይነበብም። ሰዓቱ አሥር ተኩል ነው።

የቤቲን በር አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኤልያቄም። «ስለ ቻርጀሩ ልነግርሽ ነው።»